ክረምትና በሬ በክፉ ቀን ዘመን

ክረምት ሲባል የከተማ ሰው ጭቃውን ያስባል። ለባላገሩ ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚቈጠረው ይህ ጊዜ ጕልበቱ ሁሉ የሚያልቅበት ነው። የጤፍ መሬት ደጋግሞ ይታረሳል፤ በሐምሌ ዘሩ ከመዘራቱ አስቀድሞም ማሳው በከብት ይረገጣል። ነሐሴ የአረም ወር ነው። ጎተራው የሚጐድለው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ ብዙው ቤት በጓሮ ጎመን ይከርማል፤ ከመካከላችን በገጠር ያደግነው ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

እንግዲህ በሬ ባይኖርስ? በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ። እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየውም ረኃብ «ክፉ ቀን» ተባለ። ምክንያቱ ድርቅ ብቻ እንደ ነበረ አድርገው የሚናገሩ አሉ፤ እኛ ግን ይህ አይበቃም እንላለን። ዝናም ቢወርድም ጥማድ የሌለው ገበሬ እርጥቡን መሬት ሊገለብጠው አይችልም። የመሬቱ መስፈሪያ እንኳ «ጥማድ» መባሉ፣ ይኸውም ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ማለት መሆኑ፣ ነገሩን ያስረዳል።

ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። በሬ ጠምዶ ለኖረ ሰው ዶማ መያዝ ውርደት ሳይመስለው አልቀረምና ንጉሡ ይህን ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ይሁን እንጂ የሰው ክንድ የበሬን ያህል አያርስም። ለዘር ጥቂት ያስቀመጠውም ቤት በነሐሴ ሲርበው ዘሩን በላ፤ ስለዚህ የአንዱ ክረምት ጕድለት ወደሚቀጥለው ክረምት ተሻገረ።