ከኦዳ ቢሲል እስከ አምቦ ችሎት፤ የጠለፋው አንቀጽ እንዴት እንደ ተሻረ

በምዕራብ ሸዋ ምድር የመጫ ኦሮሞ አበው በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ተሰብስበው ሕግ በሚደነግጉበት፣ የመኮ ቢሊም ስም እንደ ሕግ አውጪ በአፈ ታሪክ በሚወሳበት በዚያ ሥርዓት ውስጥ፣ ሥልጣኑ የወንዶች ቢሆንም ግፍ የደረሰባት ሚስት መከላከያ አልባ አልነበረችም፤ ያገባች ሴት የምትይዘውን በትር፣ ሲንቄዋን፣ ይዛ በጮኸች ጊዜ የመንደሩ ሴቶች የቤታቸውን ሥራ ጥለው አብረዋት ይወጡ፣ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍል ድረስ ላለመመለስ ይቆርጡ ነበርና።

ኋላ ግን አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን ሕግ ከአዲስ አበባ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ይመጣ ጀመር። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በብዙ ነገር የተመሰገነ ሲሆን፣ በአንቀጽ 558 ላይ ጠላፊን ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ካዘዘ በኋላ፣ የተጠለፈችው በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ እንዳይቀርብበት ደነገገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቅዶ፣ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሾመ። በወረቀት ላይ «በፈቃዷ» ተብሎ የተጻፈው ቃል በገጠር ምን መልክ እንደ ነበረው ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልግም፤ ጠላፊው ልጅቱን ከደበቀ በኋላ ሽማግሌ ወደ አባቷ ይልካል፣ አባትም ክብሯ የተነካ ልጅ ሌላ የሚያገባት የለም ብሎ ኀፍረትን በመፍራት እሺ ይላል፣ እርቁ በወረደ ማግስት የፖሊሱ መዝገብ ይዘጋል፤ ልጅቱን ግን ፈቃድሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው አይገኝም። ይህ አንቀጽ በእኔ አስተያየት ሕጉ ከያዛቸው ሁሉ እጅግ የከፋው ነበር።

ይህን በር የዘጉት ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቿ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለድሆች ያለ ዋጋ ጥብቅና ከመቆሙ በላይ፣ ከግፉዓን አንደበት የሰማውን አቤቱታ ለሕግ አውጪዎች ማስረጃ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ በነፍስ ግድያ ለተከሰሰች አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ልጅ ማኅበሩ ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ በለቀቃት ጊዜ፣ ነገሩ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሲያደርግ፣ የባልንም አለቅነት ሲሽር፣ የማኅበሩ ድካም ፍሬ አፈራ።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ መሆኑን ነው፤ የቤተ ሰብ ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ ለክልሎች የተተወ ስለ ሆነ፣ በጊንጪ ወይም በጉደር ያለች ልጅ የክልሉን ምክር ቤት፣ የጨፌ ኦሮሚያን፣ ውሳኔ መጠበቅ ነበረባት። ጨፌው የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 69/1995 አወጣ። በመላ ሀገሪቱ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ደግሞ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሲጸና፣ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከወንጀል ኃላፊነት እንደማያድነው በግልጽ ጻፈ።

መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። ማኅበሩ በ1994 መግቢያ ላይ ታግዶ ቆይቶ ተፈታ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ደግሞ ስለ መብት የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ ስለ ገደበ፣ የጥብቅናው ሥራ እጅጉን ተዳከመ፤ ዐዋጁ እስከ ተሻረበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አቤት ባይ ሴቶች ብዙ ተጎዱ።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የምትኖሩ አንባብያን ሆይ፣ የጠለፋ ነገር በጎረቤታችሁ በተሰማ ጊዜ ሽማግሌ ለመላክ ከመቸኮላችሁ በፊት ልጅቱን ይዛችሁ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂዱ፤ ጠበቃ ለመቅጠር ዐቅም ከሌላችሁም ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ዛሬ በሕጋችን ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ክሱን አያስቀርም።