ቀልብን መሰብሰብና የካንሰር ሕሙማን

በሀገራችን አንድ ሰው ካንሰር እንደያዘው ሲታወቅ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለቤተሰቡ ነው፤ ሕመምተኛው ከሁሉ በኋላ ይሰማል፣ ያውም ከሰማ። ሐኪሙ ታላቅ ወንድሙን ወይም ልጁን ለብቻ ጠርቶ ይነግራል፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ የበሽታው ስም አይጠራም። አክስቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በታመሙ ጊዜ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። «የጨጓራ ቁስል ነው ተብሏል» አልናቸው፤ እርሳቸውም አምነው የተቀበሉ መሰሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አልነበረም። ሠለጠነ በሚባለው ዓለምም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶክተር ዶናልድ ኦከን የተባሉ ሰው በአሜሪካ፣ ቺካጎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሚሠሩ 219 ሐኪሞችን፣ ካንሰር ለያዘው ሰው እውነቱን ትነግሩታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ከመቶ ዘጠና ያህሉ አንነግርም የሚሉ ሆነው ተገኙ። ምክንያታቸውም የእኛው ምክንያት ነው፤ ተስፋ ይቆርጣል የሚል። ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1979 ሮቸስተር ለሚገኙ ሐኪሞች እንደገና ሲቀርብ ግን ከመቶ 97ቱ እንነግራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ፈጽሞ ተገለበጠ ማለት ነው። መድኃኒቱ እየተሻሻለ መጥቷል፤ ሕሙማንም ራሳቸው መናገር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ በካንሰር ምክንያት ጡታቸው መቆረጡን ለሕዝብ ይፋ ማድረጋቸው የብዙዎችን አፍ ከፍቷል።

ሆኖም በሽታውን ማወቅ ሌላ ጭንቀት አመጣ። የተነገረው ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ምን ይደረግለት? ኒውዮርክ በሚገኘው በታላቁ የካንሰር ሆስፒታል፣ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ፣ ዶክተር ጂሚ ሆላንድ የተባሉ ሴት ሐኪም የሕሙማንን የመንፈስ ጭንቀት የሚከታተል ክፍል ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ የሥነ ሕይወት ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለየት ያለ ክሊኒክ ከፈቱ። ወደዚያ ከተላኩት መካከል ሕመማቸው በመድኃኒትም በቀዶ ሕክምናም አልመለስ ያላቸው ብዙዎች ነበሩ። ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ቤታቸውም እየሄዱ በየቀኑ ይለማመዱታል።

የሚማሩት ነገር ሲያዩት ምንም የማይመስል ነው። ሰውየው ይቀመጣል፤ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ልብ ይላል። ሐሳቡ «ነገ ምን እሆን ይሆን?» ወደሚለው ሲሮጥበት፣ መሮጡን ያውቅና ራሱን ሳይቆጣ ወደ ትንፋሹ ይመልሰዋል። ሐሳቡ ሺህ ጊዜ ቢሄድ ሺህ ጊዜ መመለስ ነው። ተጋድሞም ከእግር ጣቱ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሰውነቱን በየተራ ያዳምጣል፤ የሚያመውን ቦታ ሳይቀር። እንግሊዞቹ ለዚህ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን «ቀልቡን ሰበሰበ» የምንለው ቃል ከጥንት ጀምሮ አለን። ዘዴው ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የተወሰደ ስለሆነ ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። ካባት-ዚን ግን አምልኮውን ትተው፣ የትኛውም እምነት ያለው ሰው ሊሠራበት በሚችል መልክ ነው ሆስፒታል ያስገቡት።

እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙ ሰው ያስደነቀ ወሬ ተሰማ። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዴቪድ ስፒገል ካንሰራቸው ከጡት ወደ ሌላው አካላቸው የተሠራጨ 86 ሴቶችን ተከታትለው ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ፍርሃታቸውን ሳይደብቁ ይነጋገሩ፣ በሐሳባቸውም ሕመማቸውን የሚያበርዱበትን ዘዴ ይማሩ ነበር። እነዚህ በአማካይ 36.6 ወር ሲኖሩ፣ ያልተሰበሰቡት 18.9 ወር ብቻ ኖሩ ተባለ። ሐሳብን መግዛት ዕድሜ ያስረዝማል ተብሎ ተወራ። እንዲህ ያለው ተስፋ ግን ክፋት አለው፤ በሽታው የበረታበት ሰው «ሐሳቤን ባልገዛ ነው» ብሎ ራሱን ይከሳል።

ይህ ደግሞ ዝም ተብሎ አልታለፈም። እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳ 235 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ ዕድሜ አልረዘመም፤ የተሰበሰቡት ሴቶች ጭንቀትና ሥቃይ ግን ቀለል ብሎ ተገኘ። ስፒገል ራሳቸው በ125 ሴቶች ላይ ደግመው ሞከሩትና እ.ኤ.አ. በ2007 የቀድሞው ውጤት እንዳልተደገመ በግልጽ አሳተሙ። የራሱን ዝነኛ ሥራ በራሱ እጅ የሚያርም ምሁር በየቀኑ አይገኝም።

ቀልብን የመሰብሰቡ ትምህርት በካንሰር ሕሙማን ላይ በሚገባ የተመረመረው በካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ማይክል ስፔካና ሊንዳ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት 90 ሕሙማንን ተከታተሉ፤ ከፊሎቹ ወዲያው ተማሩ፣ ከፊሎቹ ተራ ጠበቁ። ከሰባት ሳምንት በኋላ የተማሩት የመንፈስ መረበሽ በመለኪያው ከመቶ 65፣ የጭንቀት ምልክታቸውም ከመቶ 31 ቀነሰ። ስለ ዕድሜ ርዝመት የጠየቁት ነገር የለም፤ የጠየቁት ሰውየው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው። እኔም ተገቢው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ ማኅበር ጋር ባወጣው መመሪያ፣ ይህ ልምምድ ለሕሙማን ጭንቀትና ሐዘን፣ በሕክምና ላይ ሳሉም ከዚያ በኋላም እንዲሰጥ መክሯል። ዕጢውን ያጠፋል አላለም።

በሀገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ ተራው እስኪደርስ ወራት ይጠብቅ ነበር። ትንፋሽን መከታተል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረፋ ላይ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦም ይሠራል። ነገር ግን የበሽታው ስም የተደበቀበት ሰው የቱን ፍርሃት ልብ ይበል?

አክስቴ አንድ ቀን ማለዳ፣ ጀበናው ገና ሳይጣድ፣ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ይህ ቁስል አለመሆኑን ካወቅሁ ሦስት ወሬ ነው» አሉኝ። «እናንተ እንዳትደነግጡብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»