ዲፕሎማው ላይ ያልሰፈረው ስም

«ኳንሰት» የሚባለው ቤት ሲያዩት፣ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ መሬት ላይ የተደፋ ይመስላል። ግማሽ ክብ ቆርቆሮ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለወታደርና ለዕቃ ማከማቻ በየደሴቱ ሲተክለው የኖረው ይህ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 እንደ እንጉዳይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ፈላ። ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መሐሉን በስስ ግድግዳ ከፍለው ሁለት ቤተሰብ ያስገቡበታል። ጎኑ ጎብጦ ስለሚወርድ ቁም ሳጥን ተጠግቶ አይቆምለትም፤ ረዘም ያለ ሰው ወደ ጥግ ሲጠጋ ግንባሩን ይመታል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ባልና ሚስት ለመደማመጥ መጮህ አለባቸው። ቆርቆሮ ሥር ላደገ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ቤት የሚኖሩት ተመላሽ ወታደሮች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሰኔ 1944 የፈረሙት ሕግ ለዘማቹ በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ይሸፍንለታል፤ ለኑሮው ደግሞ ለላጤ በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር ይቆርጥለታል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ዘማቾች በዚህ ገንዘብ ኮሌጅ ገቡ። ዕድሉ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ዘማቾችን የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች በር ላይ መልሰዋቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያልተዘጋጁበት ነገር ግን ሌላ ነበር፦ ተማሪው ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ከነሽንት ጨርቁ መምጣቱ። ከጦርነቱ በፊት ባለትዳር ተማሪ ብርቅ ነበር፤ ሳያስፈቅድ ያገባን ተማሪ የሚያሰናብቱ ኮሌጆችም ነበሩ።

ስለዚህ የተገኘው ጣሪያ ሁሉ ቤት ሆነ። ሃርቫርድ ባለትዳሮቹን ፎርት ዴቨንስ በተባለ የጦር ካምፕ አሰፈረ። ስታንፎርድ የወታደር ሆስፒታል ወሰደ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከማዲሰን ከተማ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ለባሩድ ፋብሪካ ሠራተኞች በተሠራ ሰፈር ቤተሰቦቹን አስገባ፤ ባል በጠዋት በአውቶቡስ ወደ ክፍል ይሄዳል፣ ሚስት ከልጆቿ ጋር ሜዳ ላይ ትቀራለች። ተጎታች ቤት የደረሳቸው ደግሞ ቧንቧ የላቸውም። ውኃ በባልዲ ከጋራ ቦኖ ይቀዳል፤ ገላ መታጠብም ልብስ ማጠብም በጋራው ቤት ነው። ባል ማታ ለፈተና ሲያጠና፣ ሚስት የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፋ በብርድ ደጅ ደጁን ትዞራለች፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነዋ።

75 ዶላር (በኋላ 90 ሆኗል) አይበቃም። ስለዚህ ሚስት ሥራ ትይዛለች፦ ቤተ መጻሕፍት፣ የጽሕፈት ክፍል፣ ትምህርት ቤት። የባሏን መመረቂያ ጽሑፍ በታይፕ የምትመታውም እሷው ናት፤ ያውም ሌሊት፣ ያውም በነፃ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን አላጡትም። በምረቃ ሰሞን ለሚስቶች የተለየ የምስክር ወረቀት የማደል ልማድ በብዙ ቦታ ተስፋፋ። ስሙ «ፒ ኤች ቲ» ይባላል፤ ከ«ፒ ኤች ዲ» ጋር እንዲገጥም ተፈልጎ የወጣ ነው፤ «ባሏን ለወግ ያበቃች» እንደማለት። ሻይና ኬክ ይቀርባል፣ እጅ ይጨበጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ወረቀቱን ይዞ ሥራ ማመልከት አይቻልም።

ዘማቾቹ ተመርቀው ሲወጡ፣ በቤተሰብ መኖሪያዎቹ የውጭ አገር ተማሪዎች እየበዙ መጡ። የኢትዮጵያ ድርሻም ከዚሁ ዘመን ይጀምራል። በ1952 የኦክላሆማ ግብርና ኮሌጅ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ጅማና ዓለማያ ላይ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ገባ። አሜሪካውያን መምህራን ከነሚስትና ከነልጃቸው ወደ ሐረርጌ ሲመጡ፣ ኢትዮጵያውያን ለከፍተኛ ትምህርት ኮሌጁ ወዳለበት ወደ ስቲልዎተር ከተማ ሄዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በሰኔ 1954 ስቲልዎተርን ጎብኝተዋል። ልዩነቱ ልብ ይባል፦ የመጣው መምህር ነውና ደመወዝተኛ ነው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ይመጣል። የሄደው ተማሪ ነው፤ ስኮላርሺፕ ደግሞ በጥቅሉ የሚሰፈረው ለአንድ ሆድ ነው።

የተማሪ ባለቤት ጉዳይ በአሜሪካ የቪዛ ሕግ ላይ በግልጽ የሰፈረው በ1961 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የፉልብራይት-ሄይስ ሕግ ለተማሪ ባለቤትና ልጆች ተከትለው የሚገቡበትን ቪዛ ደነገገ። ዛሬ በየአበሻው ቤት ስሙ የሚነሳው «ኤፍ 2» የመጣው ከዚያ ነው። ኤፍ 2 የያዘች ሚስት ወይም የያዘ ባል ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። በልውውጥ መርሐ ግብር የመጣ ሰው ባለቤት («ጄ 2») የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ገቢው ግን ለዋናው ተማሪ መደጎሚያ እንዳይሆን ተብሎ ተጽፏል። አንድ ማዕድ የሚቆርሱ ሰዎች የትኛው ዳቦ በማን ብር እንደተገዛ የሚለዩት እንዴት ነው? ይህን ያረቀቀው ሰው አስቤዛ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስልም። ኤፍ 2 በኮሌጅ ኮርስ ወስዶ ወደ ዲግሪ እንዲቆጠርለት የተፈቀደው ገና በ2015 ነው፤ ያውም ከሙሉ ጊዜ በታች ከሆነ።

በማዲሰን፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ኢግል ሃይትስ በሚባለው ሰፈር፣ ከ1962 ጀምሮ የጋራ የአትክልት ቦታ አለ። ከ500 በላይ መደብ አለው። ባለቤታቸው ላቦራቶሪ ሲውል፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በሱቅ የማያገኙትን ቅጠልና ቃሪያ እዚያ ይተክላሉ። ሥራ የሚከለክለው ቪዛ መኮትኮትን አይከለክልም።

ይህ ሁሉ ድካም በገንዘብ ቢተመን ስንት ያወጣል? አንድ ጊዜ ተተምኗል። በ1971 የተጋቡ ሁለት የኒው ዮርክ መምህራን ነበሩ። ባል የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና አልጨረሰም፤ ማታ እየተማረ ጨረሰ። በ1973 ጓዛቸውን ይዘው ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ጓዳላሃራ ሄዱ፤ እሱ ሕክምና ሊማር፣ እሷ ልታስተምርና ልታስጠና። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እዚያ ኖሩ። እሷ የቋሚ መምህርነት ፈቃድ ለማግኘት የቀራት የ18 ወር ትምህርት ብቻ ነበር፤ የእሱ ይቅደም ብላ ተወችው። ባል የሐኪምነት ፈቃዱን በጥቅምት 1980 አገኘ። በሁለተኛው ወር የፍቺ ክስ አቀረበ።

ፍርድ ቤቱ ሲመረምር፣ ከተማሪ ብድር ውጪ ወደ ቤቱ ከገባው ገቢ 76 በመቶው የሚስት ሆኖ አገኘው። ከፈቃዱ በቀር የረባ የጋራ ንብረት አልተገኘም። ባለሙያ ተጠርቶ የፈቃዱን ዋጋ 472 ሺህ ዶላር ብሎ ገመተ፤ ዳኛው 40 በመቶውን፣ 188,800 ዶላር በ11 ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈላት ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በታኅሣሥ 1985 የኒው ዮርክ ግዛት የመጨረሻ ፍርድ ቤት ግን በትዳር ዘመን የተገኘ የሙያ ፈቃድ የትዳር ንብረት ነው ብሎ ፈረደላት። የሌሎች ግዛቶች ፍርድ ቤቶች አብዛኞቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ዲግሪ አይሸጥ፣ አይለወጥ፣ አይወረስ፣ ምኑ ንብረት ነው አሉ። አማርኛችን በዚህ ነገር ብዙም አይቸገርም፤ «ትዳር» ስንል ጋብቻውንም ኑሮውንም ማለታችን ነውና።

ኒው ዮርክ 30 ዓመት በዚህ ፍርድ ስትሠራ ቆይታ በ2015 ሕጉን ለወጠች። ከ2016 መግቢያ ጀምሮ ዲግሪና ፈቃድ እንደ ንብረት አይከፈልም፤ ዳኛው ባለቤቱን ለማስተማር የተደረገውን ድጋፍ የሚያየው ሌላውን ንብረት ሲያካፍል ነው። በጓዳላሃራው ትዳር ውስጥ ሌላ የረባ ንብረት አልነበረም።