ጠጠር፣ ቢላ እና የአውሮፕላን ፋብሪካ

የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ስለ ሕመሙ ጠይቁት፤ «አታስታውሱኝ» ይላችኋል። ሰውን በገዛ እግሩ ወደ ቢላ ያስኬደ ሕመም ነው። የጥንቶቹ ግሪክ ሐኪሞች ግን ቢላውን ፈርተውት ነበር። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪሙ ጠጠር ለማውጣት ሰው እንዳይቀድ፣ ሥራውን ለሚያውቁት እንዲተው ያስምለዋል።

ፈርተውም አልተሳሳቱ። እንግሊዛዊው ባለማስታወሻ ሳሙኤል ፒፕስ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1658 ያለ ማደንዘዣ ተቀድዶ ከፊኛው ጠጠር ወጣለት። (ያን ዘመን ቢላ የሚደርሰው ፊኛ ላይ ነው፤ ኩላሊትማ ማን ይደፍረዋል!) ከሞት መትረፉን እንደ ልደት ቆጥሮ ቀኑን በየዓመቱ በግብዣ ሊያስብ ወሰነ፤ ለጠጠሩም ሣጥን አሠራለት።

እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ላይ ዣን ሲቪያል የተባለ ሐኪም ሌላ መንገድ አሳየ። ቀጭን የብረት ቱቦ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ ጠጠሩን በጣቶቹ በሚመስሉ ብረቶች ያዘና እዚያው ፊኛ ውስጥ ፈረፈረው። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም። እኔን ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ቆጠራው ነው። ሲቪያል የሟቾችን ቁጥር ሰብስቦ አነጻጸረ፤ በቀዶ ጥገናው ከመቶ 19 ገደማ፣ በእሱ ዘዴ ከመቶ 2 ገደማ። ሐኪሞች በዝናና በንግግር በሚከራከሩበት ዘመን ሬሳ ቆጥሮ መከራከር ቀላል ድፍረት አይደለም።

ኩላሊት ግን 150 ዓመት ያህል ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድናውያኑ ፈርንስትሮምና ዮሃንሰን ከጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ጠጠር ማውጣታቸውን አስነበቡ። ቀዳዳዋም የማታስፈልግበት መንገድ የመጣው ከሆስፒታል ሳይሆን ከጀርመኑ አውሮፕላን ሠሪ ከዶርኒየር ነው! የኩባንያው መሐንዲሶች ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ያጠኑ ነበር። ይህ ሞገድ በውኃና በሥጋ ውስጥ ያለ ብዙ ጉዳት ያልፋል፤ ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነውና። ጠጠር ሲያገኝ ግን ኃይሉን እዚያው ያራግፋል።

ሙኒክ ውስጥ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ ይህንኑ ይዘው ለዓመታት ሞከሩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 የመጀመሪያው ታማሚ ውኃ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ገባ። ውኃው ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሞገዱን ይፈጥራል፣ ጎድጓዳ መስታወት መሳይ ብረት ሞገዱን ጠጠሩ ላይ ያነጣጥረዋል፤ ፍርፋሪው ከሽንት ጋር ይወርዳል።

ገንዳው ዛሬ በትናንሽ ማሽኖች ተተክቷል። ሞገዱም ሁሉን አይችልም፤ ትልቅ ወይም ጠንካራ ጠጠር ያስቸግረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሐኪሞች ትልቁን ከጀርባ በቀዳዳ ያወጡታል፤ ሌላውን ደግሞ ቀጭን ካሜራና ሌዘር በሽንት መውጫ አስገብተው ይፈረፍሩታል፤ በዚያው በሲቪያል በር።