ከቃል የሚወለድ ሥዕል

በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሣል ሥዕል ከሰነድ ጋር ከተዋሐደባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ብሪያን ከርኒኻን በቤል ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው «ፒክ» ነው፤ ሣጥኑም ቀስቱም በቃል ይታዘዝ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በእጅ የተለጠፈ ሥዕል አኃዙ ሲታረም የቀድሞውን ስሕተት ይዞ ይቀራልና።

ችግሩ የጸናው ሁለት ሥዕሎች በአንድ ቁጥር ሥር «ሀ» እና «ለ» ተብለው ጎን ለጎን እንዲቆሙ ሲፈለግ ነው። ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ኦርግ፣ ውሎ አድሮ፣ በተራ ጽሑፍ መካከል የሰፈረን ኮድ አስኬዶ ሥዕሉን ለማስገባት በቃ። ሁለቱን የሚያቅፈውን ትእዛዝ ግን ጸሐፊው ሌስሊ ላምፖርት ለኅትመት ባሰናዳው በላቴክ ቋንቋ ራሱ ሲጽፍ ኖሯል። ሰነዱ ወደ ድረ ገጽ ሲላክ ያ ትእዛዝ ይቀራል፤ «ሀ» እና «ለ»ም አብረውት ይጠፋሉ።