ኦሪጋሚ ክፍል ሲገባ

ከስሙ እንጀምር። በጃፓንኛ «ኦሪ» ማጠፍ ነው፤ «ካሚ» ደግሞ ወረቀት። ሁለቱ ሲገጥሙ ኦሪጋሚ ይሆናሉ። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ከ200 ዓመት በፊት ጃፓን ሄዳችሁ አንዱን «እስቲ ኦሪጋሚ አሳየኝ» ብትሉት ወረቀት አጥፎ ወፍ አይሠራላችሁም ነበር። ምናልባት የታጠፈ ሰነድ ያወጣላችኋል፤ ለምሳሌ «ይህ ሰይፍ እውነተኛ ነው» ብሎ የሚመሰክር ወረቀት። ቃሉ በዚያ ዘመን የሚታወቀው በዚህ ነበር። ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ ማውጣቱ ሌሎች ስሞች ነበሩት፤ «ኦሪካታ» አንዱ ነው። ኦሪጋሚ የሚለው ስም ለዚህ ጥበብ የተለመደው ሕፃናት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በጋራ ማጠፍ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ይህች ትንሽ የስም ታሪክ የምትነግረን ነገር አለ። ኦሪጋሚ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ብቻውን የተቀመጠ ዝምተኛ ጠቢብ ነው። የዛሬውን ኦሪጋሚ በብዛት የሠራው ግን ክፍል ነው፤ አንድ መምህር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እና «ቆይ ቆይ፣ እሷን ድገሚልኝ» የሚል ተማሪ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጽሐፍ በፊት እጅ

በጃፓን ወረቀት ማጠፍ የቆየ ነገር ነው። በሳሙራይ ቤቶች ስጦታ በምን ዓይነት እጥፋት እንደሚጠቀለል ደንብ ነበረው። ከሥነ ሥርዓቱ ጎን ለጎን ደግሞ ለጨዋታ የሚታጠፉ ጀልባዎች፣ እንቁራሪቶችና ወፎች ነበሩ።

ለጨዋታ ስለሚታጠፍ ወረቀት ከተጻፉትና እስከ ዛሬ ከሚታወቁት መጻሕፍት ቀዳሚው በ1797 ኪዮቶ ላይ ታተመ። ስሙ «ሂደን ሴንባዙሩ ኦሪካታ» ነው። 49 ሥራዎች አሉበት። ሁሉም ከአንድ ወረቀት የወጡ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ክሬኖች ናቸው። ክሬን ስል ሕንፃ ላይ የሚቆመውን ማሽን ሳይሆን አንገተ ረጅሙን ወፍ ነው፤ ማሽኑም ስሙን ያገኘው ከወፉ ነው።

መጽሐፉን የዛሬ ሰው ቢከፍተው ግራ ይጋባል። በአብዛኛው የሚያሳየው ወረቀቱ የት የት እንደሚቆረጥና ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ነው። የመሃሉን መንገድ በአብዛኛው ለአንባቢው ይተወዋል። ለምን? ክሬን ማጠፍ የሚችል እጅ አስቀድሞ አለ ብሎ ስላሰበ ነው። ያንን እጅ የሚያሠለጥነው መጽሐፉ አልነበረም፤ አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ሰው እንጂ።

ከጀርመን የመጣ ክፍል

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር፤ ምክንያቱም የታሪኩ ሁለተኛ እግር ያለው እዚያ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮበል የተባለ ጀርመናዊ መምህር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታና የሥራ ተቋም ከፈተ። በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም አወጣለት፤ የልጆች የአትክልት ቦታ እንደማለት ነው። እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ፍሮበል ልጅ የሚማረው በእጁ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከእንጨት ኪዩቦቹና ከኳሶቹ ጋር ወረቀት ማጠፍንም በትምህርቱ ውስጥ አስገባ። እጥፋቶቹንም በሦስት መደባቸው። የመጀመሪያዎቹ ከኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ ቤት፣ ጀልባና የመሳሰሉት። ሁለተኛዎቹ የእውቀት ናቸው፤ ልጁ ካሬውን ለሁለት፣ ለአራት እያጠፈ ግማሽና ሩብ፣ ጎንና ማዕዘን ምን እንደሆነ ያያል። ሦስተኛዎቹ የውበት ናቸው፤ ኮከብና አበባ የሚመስሉ ጌጦች።

መንግሥት ግን አልወደደለትም። ፕሩሲያ በ1851 መዋዕለ ሕፃናትን ከለከለች። ፍሮበል በማግስቱ ዓመት ሞተ፤ እገዳው በ1860 ሲነሣ አላየም። በዚያ መሃል ደቀ መዛሙርቱ፣ በተለይም ሴት መምህራን፣ ዘዴውን ይዘው ወደ ሌሎች አገሮች ተበትነው ነበር። የታገደው ነገር በእገዳው ዘመን ይበልጥ ተስፋፋ።

ቶኪዮ፣ 1876

ጃፓን ከ1868 ወዲህ ትምህርቷን እንደ አዲስ እየገነባች ነበር። በ1876 በቶኪዮ የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ሥር የአገሪቱ የመጀመሪያ መንግሥታዊ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ተቋሙ ዛሬ ኦቻኖሚዙ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ዋና መምህርቷ ክላራ ማትሱኖ የምትባል፣ ጃፓናዊ ያገባች ጀርመናዊት ነበረች። ከጎኗ ቶዮዳ ፉዩን የመሰሉ የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን የሕፃናት መምህራን ነበሩ።

እንግዲህ አስቡት። የፍሮበል ዘዴ በካሬ ወረቀቱና በደረጃ በደረጃ እጥፋቱ ከጀርመን ይመጣል፤ የሚያርፈው ደግሞ ክሬን ማጠፍ ከቤት በሚያውቁ ሰዎች መሃል ነው። የጀርመኑ ስልት በብዛት ወረቀቱን በ90 እና በ45 ዲግሪ ያጥፋል። የጃፓኑ ክሬን ግን 45ን እንደገና ለሁለት ከፍሎ 22.5 ዲግሪ ላይ ይደርሳል፤ ቀጭን አንገትና ቀጭን ጅራት የሚያወጣው ይህ ነው። ሁለቱ ጅረቶች እዚያ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ኦሪጋሚ ለጃፓን ሕፃናት ትምህርት ሆነ፤ ስሙም ተተከለ። «ንጹሕ ጥንታዊ የጃፓን ጥበብ» እያልን የምናደንቀው ነገር ግማሽ መንገዱን በባቡርና በመርከብ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ክብሩን አይቀንሰውም።

«መኮረጅ ብቻ ነው» የሚለው ክስ

የጋራ ትምህርት ጠላትም አፍርቷል። ፍሮበል ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ ዘዴውን አደረቁት። መምህሯ «አሁን ይህንን ጥግ» ትላለች፣ ሁሉም ልጅ ያንን ጥግ ያጥፋል፤ አንድም ልጅ ወደ ሌላ ጥግ እንዲሄድ አይፈቀድለትም።

በአሜሪካ ይህ ወደ ግልጽ ጠብ አመራ። በአንድ በኩል በ1873 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የሕዝብ መዋዕለ ሕፃናት የከፈተችው ሱዛን ብሎው ነበረች፤ የፍሮበል ሥርዓት እንዳለ ይጠበቅ ትላለች። በሌላ በኩል ፓቲ ስሚዝ ሂል ነበረች፤ ልጁ ራሱ ይሞክር፣ ራሱ ይምረጥ ትላለች። (ፓቲን ሳታውቋት ታውቋታላችሁ። «ሃፒ በርዝደይ» የምንዘፍንበት ዜማ እሷና እህቷ ሚልድረድ ለሕፃናት ካዘጋጁት የሰላምታ መዝሙር የመጣ ነው።) ሁለቱም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ አስተምረዋል። በመጨረሻ ዘመኑ ያዘነበለው ወደ ሂል ነው።

ክሱ ባዶ አይደለም። 30 ልጅ አንድ ዓይነት ጀልባ አጥፎ ሲወጣ የማን ሥራ ነው? ግን የክሱ መነሻ፣ መቅዳትና መፍጠር ጠላት ናቸው የሚለው ሐሳብ፣ እኛ ዘንድ ብዙም አይሄድም። የቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ይይዛል፣ ይተነትናል። ከዚያ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። የሌላውን መንገድ በደንብ ሳይሄድ የራሱን የጀመረ የለም። መቅዳቱ ጥፋት የሚሆነው እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው።

ከፋብሪካ የወጣው ሰው

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አኪራ ዮሺዛዋ ነው። በ1911 ቶቺጊ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ ፋብሪካ ገባ። ኋላ ላይ እድገት አግኝቶ ለጀማሪ ሠራተኞች ጂኦሜትሪ እንዲያስተምር ተደረገ። ታዲያ በምን አስተማራቸው? በልጅነቱ በሚያውቀው ወረቀት ማጠፍ። የዘመናዊ ኦሪጋሚ አባት የሚባለው ሰው ማስተማር የጀመረው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

በ1937 ሥራውን ትቶ ራሱን ለኦሪጋሚ ሰጠ። ከዚያ የመጣው ድህነት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ቱኩዳኒ የሚባል ምግብ ይሸጥ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ መጽሔት 12ቱን የዞዲያክ እንስሳት አሳጥፎ ሲያወጣለት አገር አወቀው። በ1954 መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ የእጥፋት ቋንቋ ነበር፤ በነጥብና በሰረዝ የተለዩ መስመሮች፣ አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀስቶች። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው «ሸለቆ»፣ ወደ ውጭ የሚታጠፈው «ተራራ» ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ራንድሌት በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ አሻሽሎ አሰፋው። ዛሬ የትም አገር የታተመ የኦሪጋሚ መጽሐፍ ብትከፍቱ ቋንቋውን ባታውቁትም መስመሩን ታነቡታላችሁ።

ታዲያ ክፍሉ ለምን አልተዘጋ?

ምልክቱ ሲገኝ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ ቤቱ ይቀመጣል፣ መምህር አያስፈልግም ያሰኛል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሊሊያን ኦፐንሃይመር የተባለች የኒው ዮርክ ሴት በ1958 የኦሪጋሚ ማዕከል አቋቋመች። በዚያን ጊዜ 60 ዓመት ገደማ ሆኗት፣ ልጆቿን አሳድጋ ነበር። ከልጆቿ ሦስቱ፣ ዊሊያም፣ ማርቲንና ጆሴፍ ክሩስካል፣ ታዋቂ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። እሷ ደግሞ ታስተምራለች፣ ሰው ከሰው ታገናኛለች፣ ጋዜጣ ታወጣለች። «ኦሪጋሚ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ እንዲለመድም ብዙ ሠርታለች። በ1980 ማኅበር ሆኖ የተደራጀው ሥራዋ ዛሬም ኦሪጋሚ ዩኤስኤ በሚል ስም ይኖራል። በጎ ፈቃደኞቹ በየዓመቱ መጨረሻ በኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በታጠፈ ወረቀት ብቻ የሚያጌጥ ዛፍ ያቆማሉ።

ሰው ለምን እስከዚያ ይሄዳል? መስመር ሁሉንም ነገር መያዝ ስለማይችል ነው። ወረቀቱ ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ ሥዕሉ በቂ ነው። አንዴ ኪስ ከተከፈተና ቅርጹ ከገጹ ላይ ከተነሣ ግን ቀስቱ ዝም ይላል። ያኔ የሚያስፈልገው መምህሩ ትልቅ ወረቀት ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ሲያጥፍ ማየት ነው። ስንት ኃይል ማሳረፍ እንዳለባችሁ፣ የቱ ጋ ወረቀቱ «በራሱ መሄድ እንደሚፈልግ» የሚታየው ከእጅ ላይ ነው። ጥሩ መምህር ደግሞ የተማሪውን ወረቀት ቀምቶ አያጥፍለትም፤ የራሱን ይዞ ያሳየዋል እንጂ። ቀድሞ የጨረሰው ወደ ጎረቤቱ ዞር ይላል፤ በዚያች ቅጽበት እሱም መምህር ሆነ። ከደብተር ገጽ ገንጥላችሁ ጀልባና አውሮፕላን የሠራችሁ ሁሉ ይህንን ታውቁታላችሁ። ከመጽሐፍ አይደለም የተማራችሁት፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ልጅ ነው ያሳያችሁ።

ዮሺዛዋ በ2005፣ ልክ በ94ኛ የልደት ቀኑ ሞተ። በሕይወቱ ከ50,000 በላይ ቅርጾች እንደፈጠረ ይነገራል። አሠራራቸው በሥዕል ታትሞ የቀረው ግን ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ለራሱ ለምልክቱ አባት እንኳ ምልክቱ አልበቃም ማለት ነው። የተቀሩት ውስጥ ለሌላ እጅ ያልተላለፈው ሁሉ ከእጁ ጋር ሄዷል። ክሬኑን ግን ማን እንደፈጠረው የሚያውቅ የለም፤ የራሱ ምልክት ያለው ሥዕል ከመኖሩ በፊትም ነበረ። ዛሬ ማታ በሆነ ከተማ፣ በሆነ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንዷ ለሌላዋ «አሁን ይቺን ጥግ» እያለች ነው። እሱ አይጠፋም።