ጆሮው የተደበቀው እንሽላሊት፦ ዘመዱን ለማወቅ 76 ዓመት

አርባ ምንጭ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ሐይቁ ዳር አርጃኖ ሳታዩ አልቀራችሁም። አርጃኖ ረጅም አንገት፣ ጠንካራ ጅራትና እንደ እባብ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ምላስ አለው። የዛሬው ታሪካችን ስለ አንድ የአርጃኖ ዘመድ ነው። ዘመድነቱን ለማወቅ ግን ሳይንቲስቶች ብዙ ለፍተዋል።

እንስሳው የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በቦርንዮ ደሴት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ፍራንዝ ሽታይንዳክነር የተባለ የቪየና ተመራማሪ ላንታኖተስ ቦርኒየንሲስ ብሎ ሰየመው። ላንታኖተስ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ጆሮው የተሰወረ» እንደማለት ነው። በአብዛኞቹ እንሽላሊቶች ራስ ጎን የሚታየው የጆሮ ቀዳዳ እሱ ላይ የለም። ዋናው መለያውም ይኸው ነው። ሌሎችም አሉት፦ ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቀለሙ ቡናማ፣ እግሮቹ አጫጭር ናቸው። ጀርባው ላይ ጎርበጥ ያሉ ቅርፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል። የታችኛው የዓይኑ ቆብ ደግሞ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍል አለው። ጅራቱ ከተቆረጠ መልሶ አይበቅልም። ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ጅረት ዳር የሚኖር ፍጥረት ስለሆነ እሱን ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

ታዲያ ይህ እንስሳ የማን ወገን ነው? ሽታይንዳክነር ለብቻው ቤተሰብ ሰጠው። በ1899 ጆርጅ ቡላንዤ ከሄሎደርማ ጋር መደበው። ሄሎደርማ በአሜሪካ አህጉር የሚገኝ መርዛማ እንሽላሊት ነው። እውነትም ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይመሳሰላሉ፤ ቆዳቸው ጎርባጣ፣ እግራቸው አጭር ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ አንድ ማሽን ከየትኛው ጋር እንደሚመደብ ለማወቅ ቀለሙን አይተን አንወስንም፤ ከፍተን አሠራሩን እናያለን። ግን በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ናሙና ብቻ ያለውን ነገር ማን ደፍሮ ይከፍታል?

በ1954 ሳሙኤል ማክዳውል እና ቻርልስ ቦገርት የእንስሳውን አጥንቶች በዝርዝር መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ትኩረታቸውን ከሳቡት ነገሮች አንዱ የታችኛው መንጋጋ ነበር፤ መሃሉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚሠራ መገጣጠሚያ አለው። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ አርጃኖም አለው። ስለዚህ የቅርብ ዘመዱ አርጃኖ እንጂ ሄሎደርማ አይደለም አሉ። ከእባቦችም ጋር አዛምደውታል፤ የእባቡ ጉዳይ ዛሬም ያከራክራል። የአርጃኖውን ግን ከዓመታት በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ምርመራም አጽንቶታል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የተሠራው በሞቱ ናሙናዎች ነው። በሕይወት ያለ ላንታኖተስ ለሳራዋክ ሙዚየም የደረሰው በ1961 ነው።

እዚህ ላይ «የማን ዘመድ መሆኑ ምን ይለውጣል?» ትሉ ይሆናል። ሽታይንዳክነር ከፍቶት በነበረው ቤተሰብ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለው ዝርያ ይህ አንድ ብቻ ነው። አርጃኖዎች ብዙ ዝርያ ስላላቸው አንዱ ቢጠፋ ቤተሰቡ ይቀጥላል። ላንታኖተስ ከጠፋ ግን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ለብቻው የመጣ ቅርንጫፍ ከነግንዱ ሄደ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ብርቅነቱ ራሱ ጠላት ሆኖበታል። ቦርንዮን የሚጋሩት ሦስቱ አገሮች፣ ማለትም ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያና ብሩናይ፣ በሕግ ቢከለክሉም ባለፉት አሥርት ዓመታት በኮንትሮባንድ እየወጣ እንስሳ ሰብሳቢዎች እጅ ገብቷል። በ2016 በጆሃንስበርግ በተካሄደው የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጉባኤ፣ ከዱር የተያዘ ላንታኖተስ ለንግድ እንዲወጣ የሚፈቀደው መጠን ዜሮ እንዲሆን ተወሰነ።

ከዚህ የተነሳ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንስሳውን ያገኙበትን ትክክለኛ ቦታ ጽሑፋቸው ውስጥ ሆን ብለው አያሰፍሩም። ለሳይንስ ሰው ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ሌላው ሄዶ እንዲያረጋግጥ ቦታውን መናገር የሥራችን ወግ ነውና። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ልክ ሠርተዋል እላለሁ።